ጥርሷን አውልቃ ያደረች ወፍጮ

አርብ ጠዋት ወይዘሮ ሮማነወርቅ የወፍጮዋን ክዳን ብድግ ብታደርገው፣ ወፍጮዋ ጥርሷን አውልቃ አድራለች። እስከ ትናንት ድረስ ፕላስቲክ እንደ ቆሎ ስትቆረጥም የኖረች ማሽን፣ ዛሬ እንደ ባልቴት ድዷን ብቻ ታሳያለች። አምስቱም ቢላዎች የሉም።

ሮማነወርቅ መጀመሪያ አልጮኸችም። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው፤ ዓይኔ ይሆናል ብላ አማተበች፤ እንደገና ከፈተችው። የጮኸችው ያኔ ነው። ጩኸቷ በወንጂ መንገድ የሚያልፉትን ባጃጆች አስቆመ።

ኢንስፔክተር መርጋ ከሳጅን ኮከብ ጋር ሲደርስ ግቢው ለቅሶ ቤት መስሎ ጠበቀው። ቆራሌው ከየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ፕላስቲክ መጥቶ የሚራገፈው እዚህ ነው። ሴቶቹ ይለዩታል። ሃይላንዱ ለብቻ፣ እሱም ነጩ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው በየወገኑ። ጀሪካኑ ለብቻ፣ ፌስታሉ ለብቻ። የሃይላንዱ ወረቀት ይላጣል፤ ከዚያ ከነክዳኑ ወፍጮ ይገባል። ተፈጭቶ የወጣው ገንዳ ውስጥ ይታጠብና ሸራ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በማዳበሪያ ታስሮ ወደ ፋብሪካ ይጫናል። ወፍጮዋ ከቆመች ግን ሁሉም ቆመ ማለት ነው። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል።

በሩ ላይ ዘበኛው ኦቦ ዱጋሳ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዱጋሳ?» አለ መርጋ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ! ነጋ! ምን ሰላም አለ እንግዲህ፣ ልጄ፤ እኔ እያለሁ ዕቃ ጠፍቶ። ና እስቲ አረፍ በል።» ጆንያ የለበሰች መቀመጫቸውን በዱላቸው ገፋ አደረጉለት።

መርጋ ግብዣውን አላለፈውም። ሃምሳን የተሻገረ፣ ወፍራምና ዝግ ያለ ሰው ነው። «ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ በመቀመጫው ያስባል» የምትል አባባል አለችው፤ ጣቢያው ውስጥ ወጣቶቹ ይስቁባታል። ገና ሲቀመጥ ከሥሩ የሆነ ነገር «ሽክ፣ ሽክ» አለ። ድምፁ ደረቱ ውስጥ አንድ ቦታ ነካው። ድሮ፣ በልጅነት ስሙ የጠራው ሰው ያለ መሰለው።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«ጠጠር ገብቶባት ይሆናላ። ጀሪካን እኮ ናት፤ ትናንት ከክምሩ ጠንካራዋን መርጬ ጆንያ አለበስኳት። እርጅና ወንበር ይወዳል።»

«እኔም ሳላረጅ እወዳለሁ» አለ መርጋ፤ ተነሣ።

*

ወፍጮዋ ያለችበት መጠለያ በአንድ ጎኑ ክፍት ነው። ሳጅን ኮከብ፣ ገና ከሥልጠና የወጣች ፈጣን ልጅ፣ ከመርጋ በፊት ሁሉንም አይታ ጨርሳለች።

«ኢንስፔክተር፣ ሌባው እብድ ነው። ሞተሩን ይመልከቱት፤ መዳብ ሽቦው እንዳለ ነው። መዳብ ትቶ ቢላ የሚሰርቅ ሌባ የት አለ?»

«ብሎኖቹስ?»

«እነሱንም ትቷቸዋል። ይኸው።»

ከማሽኗ ሥር አንድ የድልህ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ውስጡ ብሎኖቹ አሉ፤ ሁሉም፣ አንድ ሳይጎድል። መርጋ አንዱን አነሣው። ግሪስ የጠጣ ብሎን ነው፤ ግሪሱ ላይ ግን ደቃቅ አቧራ እንደ ዱቄት ተነፍቶበታል። ጣቱን አሸት አሸት አደረገና አየው።

«ኮከብ፣ ትናንት ነፋሱ እንዴት ነበር?»

«የአዳማ ነፋስ ነዋ! ከምሳ በኋላ ተነሣ፣ ፀሐይ ስትገባ ተኛ። ሌሊቱን ዝም ያለ ነበር።»

«እንግዲያው እነዚህ ብሎኖች የተፈቱት በሌሊት አይደለም። ነፋሱ ሲነሣ ቆርቆሮው ውስጥ ነበሩ። አቧራውን ቀን ለብሰውታል።»

ኮከብ ቆርቆሮውን ተቀብላ እሷም ጣቷን አሸች። ኦቦ ዱጋሳ ከኋላ ሆነው «ተመስገን!» አሉ። «ሌሊት ቢሆንማ ቡቺ ዝም አትልም ነበር። እኔ ብተኛ እንኳ ውሻዬ አትተኛም።»

«ተኝተው ነበር ማለት ነው?»

«ብተኛ አልኩ እንጂ ተኛሁ መች አልኩ!»

ሮማነወርቅ ነጠላዋን እያጠበቀች ቀረበች። ግቢውን ከባዶ ሜዳ ያነሣችው እሷ ናት። ትናንት ከምሳ በኋላ መብራት ጠፍቶ ወፍጮዋ እንደ ቆመች፣ እስከ ማታ እንዳልመጣና ማንም ክዳኑን እንዳልከፈተው ነገረችው።

«ማንን ይጠረጥራሉ?» አላት መርጋ።

አመነታች። መሬት መሬት አየች።

«ልጁን ባልጠራው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ረቡዕ ዕለት ተጣላን። ሙስዓብ፣ ማሽኒስቱ። እሑድ ኒካው፣ ሠርጉ ነው። የአንድ ሳምንት ዕረፍት ጠየቀኝ፣ የሁለት ቀን እሰጥሃለሁ አልኩት። ተናደደና ሰው ሁሉ እየሰማ ‹እኔ ከሌለሁ ይቺ ወፍጮ አንድ ቀን አትውልም፣ ታያታለሽ!› አለኝ። ይኸው አየኋት።»

ዱጋሳም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትናንት መብራት እንደ ጠፋ ሙስዓብ በበሩ ሲወጣ ትከሻው ላይ ከባድ ማዳበሪያ ነበር። ሲራመድ ውስጡ ይንቋቋ ነበር።

አፍ ያመጣውን ዕዳ እግር አይሸሸውም። ሙስዓብን ያዙት።

*

ልጁ ጣቢያ ሲቀርብ እጁ ላይ ደርቆ የቀረ ሲሚንቶ ነበር።

«ማዳበሪያው ውስጥ ምን ነበር?»

«የሰድር ስብርባሪ።»

«የምን ሰድር?»

«ሕንፃ ከሚሠራበት የሚጣለው። ሳምንቱን ሙሉ ስለቅም ነበር፣ ግቢው ውስጥ አጠራቅሜው። ለደጄ ነው፤ ዳሊያ ጭቃ ረግጣ እንዳትገባብኝ ብዬ።» ዳሊያ ሙሽራዋ ናት። ስሟን ሲጠራ ፊቱ ፖሊስ ጣቢያ መሆኑን ረሳ።

«ማን አየህ?»

«ማንም። ብቻዬን ነው ያነጠፍኩት።»

ቦኩ ጋራ ሥር ያለች ቤቱ ድረስ ሄደው አዩ። አንድ ክፍል ናት፤ ከበሯ ፊት ግን ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭና የእንቁላል አስኳል የመሰለ የሰድር ቁራጭ እንደ አበባ ተበትኖ ተነጥፏል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። መርጋ ላለመርገጥ በጎን ዞረ።

«ያምራል» አለ።

«ያምራል» አለች ኮከብም። «ግን ኢንስፔክተር፣ ቢላዎቹ ከሰድሩ ሥር ተሸፍነው ወጥተው ቢሆንስ? አንዱ ሌላውን አይከለክለውም።»

እውነቷን ነው። የጣቢያው አዛዥም እንደሷ አሉ፤ ቢላዎቹ እስኪገኙ ልጁ አይወጣም፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሰኞ ማለት ከእሑድ በኋላ ነው። ሙስዓብ ይህን ሲሰማ አልተከራከረም። «ለዳሊያ ማን ይነግራታል?» ብቻ አለ።

መርጋ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ወፍራም ሰው ምሳ ሲያልፈው ደግሞ ጣቢያው ሁሉ ያውቃል።

*

ከሰዓት ላይ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ እሱ ዱጋሳ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ በየተራ ፊቱ ቆመው። ጥያቄው አንድ ነበር። ሐሙስ መብራት ከጠፋ በኋላ የት ነበራችሁ?

አበበች፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ፕላስቲክ ለዪ ናት፤ ከግድግዳው ኋላ ከነፋስ ተጠልላ ከሌሎቹ ጋር ስታወራ ነበር። «ስለ ማን ታወሩ ነበር?» ቢላት፣ «ስለሌለ ሰው ነዋ! ስላለ ሰው ማን ያወራል?» አለችው። ስድስቱም የነገሩት ያንኑ ነው፤ አብረው ነበሩ፣ አንዷ ላንዷ ምስክር ናት።

አዴ ሜቲ ብቻ ከነሱ ጋር አልነበሩም። ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ወፍጮዋን የሚያጎርሱት እሳቸው ናቸው። ዝምተኛ፣ ፊታቸው የረጋ ሴት ናቸው።

«እኔማ እዚያ ማዶ ፌስታል ስለይ ነበር» አሉ።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

መርጋ ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩ ሽክ አለ። ሜቲ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ቡቺ አንዱ ቆራሌ ላይ ስትጮህ ወሬው ተበተነ።

ሥራ ቆሞም ሜቲ ሥራ አላጡም። የጀሪካኑን ክምር፣ ቤት የሚያህለውን፣ ካንዱ ዳር ወደ ሌላው እያገላበጡ ያዛውሩታል። እያንዳንዱን ጀሪካን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ ያደርጉና ያስቀምጣሉ። የተረፈ ፈሳሽ እንዳይኖርበት ሴቶቹ ሁሉ ጀሪካን ነቅንቀው ነው የሚለዩት፤ ስለዚህ መርጋ ልቡን አልጣለበትም። ሮማነወርቅ ግን በኩራት ጠቆመችው።

«ይቺን ሴት ያየ ሥራ ይማር! ሌሎቹ ወሬ ላይ ናቸው፣ እሷ ክምሩን እየደገመችው ነው። ገንዳውንም ማንም እንዳይነካው፣ እኔ ራሴ አጸዳዋለሁ ብላለች።»

ማታ ጣቢያ ሲመለስ ሙስዓብ ፊት ዓሣ ወጥ በሳህን ተቀምጧል። «ማን አመጣልህ?»

«አዴ ሜቲ። ምሳም እሳቸው ናቸው። የቆቃ ዓሣ ነው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ ሥጋው አያገናኘንም፣ ዓሣ ግን ሃይማኖት የለውም አሉኝ።»

«ዘመድህ ናቸው?»

«ኧረ አይደሉም። እኔም ገርሞኛል። ዓሣው ግን አይጠየቅም፣ ይቅመሱት።»

መርጋ ቀመሰው። እውነትም አይጠየቅም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ኮከብ አዲስ ፍንጭ ይዛ መጣች። ቡልቡላ ላይ ይቺኑ የመሰለች ወፍጮ ያለው ነጋዴ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሮማነወርቅ ዘንድ ደውሎ «ትርፍ ቢላ የለሽም ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«ይኸውልዎ! ሙስዓብ ሰረቀ፣ ቡልቡላ ሸጠ።»

«ሂጂና እዪ» አላት።

ከሰዓት ሲሆን ደወለች። ድምፅዋ ወርዷል። «የሰውየው ቢላ የራሱ ነው። የዛገ፣ የተፈለጠ፣ ያሳዝናል። ሰውየውም ያሳዝናል። ቲማቲም በሣጥን ሰጠኝ።»

«ከፈልሽው?»

«ከፈልኩ። ግን ኢንስፔክተር፣ ልጁስ?»

«እሱን እያሰብኩ ነው» አለና ለማሰብ ወደ ለመደው ወንበር ሄደ።

ግቢው በር ሲደርስ ነፋሱ ተነሥቷል። ከቦኩ ጋራ በኩል እየወረደ ነጭ አቧራውን እንደ መጋረጃ ያወናጭፈዋል። ኦቦ ዱጋሳ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሴቶቹ ከግድግዳው ኋላ ተጠልለዋል። የፌስታሉ ክምር ግን ብቻውን ነው፤ መረብ ተጥሎበት፣ መረቡ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት።

መርጋ አበበችን ጠራት። «ፌስታሉን ምነው ተዋችሁት? ሥራ ካጣችሁ እሱን አትለዩም?»

አበበች ሳቋን መያዝ አቃታት። «በሉ ሴቶች፣ ኢንስፔክተር ፌስታል ለዩ ብሎናል! አሁን ያንን መረብ ብናነሣው፣ ፌስታሉ ወንጂ ሸንኮራ ውስጥ ገብቶ ነው የሚገኘው። ቀጥረኸን በባጃጅ ታስለቅመናለህ?» ሁሉም አብረው ሳቁ። «ፌስታል የጠዋት ሥራ ነው፣ ወንድሜ። ነፋስ ሳይነቃ። ከምሳ በኋላ ፌስታል የነካች ሴት በዚህ ግቢ ታይታ አትታወቅም።»

መርጋም አብሯቸው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ አቆመው።

‹እኔማ ፌስታል ስለይ ነበር።›

ሰው የዕለት ሥራውን ሲዋሽ አፉ በልማድ የለመደውን ያመጣል። ሜቲ ያሉት እውነት የጠዋት እውነት ነበር፤ ጨንቋቸው ሰዓቱን ነው የሳቱት። መርጋ ዞር ብሎ በዓይኑ ፈለጋቸው። ከነፋሱ መካከል ብቻቸውን፣ ሻሻቸው እየተውለበለበ፣ ጀሪካን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይነቀንቃሉ። ፈሳሽ የሚፈልግ ሰው ነቅንቆ ክዳኑን ይከፍታል። እሳቸው አንዱንም አልከፈቱም፤ የሚፈልጉት በድምፅ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሁለቱ ቀን አንድ ላይ መጣለት። በሥርዓት የተቀመጡት ብሎኖች፤ ተመልሰው እንዲታሰሩ ያሰበ ሰው እንጂ ሌባ አያስቀምጣቸውም። የማያቋርጠው ዓሣ። ‹ገንዳውን ማንም እንዳይነካው።›

*

ገንዳው የሲሚንቶ ነው፤ ወገብ ድረስ ይሆናል። ውኃው ላይ የተፈጨ ክዳን በየቀለሙ ተንሳፍፎ ይዋኛል።

«አበበች፣ ይሄ ለምን አይሰጥምም?»

«ክዳን ነዋ! ክዳን ይንሳፈፋል፣ ሃይላንዱ ይሰጥማል። የምንለያቸው በዚያ ነው። እንደ ሰው ነው፤ ቀላሉ ላይ ላይ ይላል።» ብላ ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች።

መርጋ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደው። ከታች የሰጠመው ሃይላንድ እንደ ሩዝ ክምር ተኝቷል። ቆፈረው። ጣቱ የሚያዳልጥ፣ የተጠቀለለ፣ ከባድ ነገር ነካ። አወጣው። ፌስታል ነው፤ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በሱ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግሪስ የተቀባ ቢላ። እንዳይዝግ የታሰበለት፣ ጨቅላ የመሰለ ቢላ።

ቀና ሲል አዴ ሜቲ ከፊቱ ቆመዋል። ጀሪካኑ ከእጃቸው ወድቋል።

«የቀሩት አራቱም እዚያው አሉ» አሉት ቀስ ብለው። «አንዱም አልተነካም።»

«ልጁ ታስሯል፣ አዴ።»

«አውቃለሁ። የምፈልገውን ሐሙስ ማታ አገኘዋለሁ ብዬ፣ አርብ ጠዋት ሳይነጋ ልመልሳቸው ነበር፤ ሮማን ቀደመችኝ። ከዚያ እናንተ መጣችሁ፣ አፌ ተያዘ። ዛሬ እነግራለሁ፣ ማታ እነግራለሁ እያልኩ ዓሣ ብቻ ሆነ የማመላልሰው። ዛሬ ባላገኘውም መጥቼ ልነግርህ ነበር። የልጁን ሠርግ ከማበላሽ ምላሴ ይቆረጥ።»

መርጋ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ምኑን ነው የሚፈልጉት?»

ግራና ቀኝ አዩ። ሴቶቹ ሩቅ ናቸው፤ ነፋሱም ቃልን ካፍ ላይ ይነጥቃል።

«ጨሌ» አሉ።

 ጨሌ ምን እንደሆነ ለመርጋ መንገር አያስፈልግም፤ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚወርድ፣ በድሮው ልማድ የአቴቴ መንፈስ ስትለመን የሚወጣ የዶቃ ሐብል ነው። የገዛ እናቱም ነበራት።

«የእናቴ ነው» አሉ ሜቲ። «ጌታን ስንቀበል ሴቶቹ ሁሉ ጨሌያቸውን አውጥተው አቃጠሉ። እኔም አቃጠልኩ ብዬ በጉባኤ ፊት መሰከርኩ። አላቃጠልኩም። መንፈስ ልለማመንበት አይደለም፤ እኔ የማምነው አንዱን ነው። ግን የእናቴ ፎቶ የለኝም፣ መቃብሯም ላይ መንገድ አልፎበታል። የቀረኝ ድምፁ ነው። ስትራመድ አንገቷ ላይ የሚለው። አሮጌ ጀሪካን ውስጥ ከትቼ፣ ቤት ባዶ ሲሆን ነቅነቅ አድርጌ እሰማታለሁ፤ ያ ነው ኃጢአቴ። ረቡዕ ምራቴ ቤት ስታጸዳ ጀሪካኑን ለቆራሌው ሰጠችው። ቆራሌውን ብጠይቀው እዚህ አራግፌዋለሁ አለ። ሐሙስ ደግሞ ጀሪካን የሚፈጭበት ቀን ነው! በገዛ እጄ እናቴን ላጎርሳት ነው? መብራቱ ሲጠፋ እግዜር ራሱ ያጠፋልኝ መሰለኝ። ሙስዓብ ቢላ ሲፈታ ሁሌ ስለማየው፣ ተመልሶ ሳይመጣ ፈታኋቸው።»

«ለሮማነወርቅ ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? ሦስቱ ሴቶች የኛ መዘምራን ናቸው። ልጄ ወንጌላዊ ነው። በየጉባኤው የኔን ምስክርነት ነው የሚያወራው። ልጄን በሰው ፊት ላዋርደው?» ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ክምሩን ሁሉ ጨርሻለሁ። የለም። እንግዲህ ልጁን ፍታልኝ፣ እኔን ውሰደኝ።»

መርጋ ለማሰብ ተነሥቶ ወደ ለመደው ወንበር አመራ። ሜቲ እስረኛ የሆኑ መስሏቸው ከኋላው ተከተሉ። ኦቦ ዱጋሳ ኮፍያቸውን ሊያሳድዱ ወደ መንገዱ ወጥተዋል። መርጋ በሙሉ ክብደቱ ዘፍ አለ።

ሽክ። ሽክ።

በልጅነት ስሙ የጠራው ሰው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ጎህ ሲቀድ፣ እሱ ገና ሳይነሣ፣ በረት የምትከፍት ሴት። በቤቱ ሁሉ ከእግሯ ይልቅ የሚሰማው የአንገቷ ዶቃ። አርባ ዓመት የረሳውን ድምፅ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦበት የዋለው።

ቀና ብሎ ሜቲን አያቸው። እሳቸውም ሰምተውታል፤ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው።

መርጋ ተነሣና ጆንያውን ገፈፈው። ቢጫ ጀሪካን ናት፤ በክምሩ ካሉት በምንም አትለይም።

«አዴ ሜቲ» አለ፣ «ፖሊስ ጉዳይ ላይ ይቀመጣል ሲባል እሰማ ነበር። እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።»

ሜቲ እያለቀሱ ሳቁ። ጀሪካኗን እንደ ሕፃን አቀፏት። መርጋ ከክምሩ ሌላ ጠንካራ ጀሪካን መረጠ፤ ጥቂት ጠጠር ጨምሮ ከደነው፤ ጆንያውን አልብሶ በቦታው አቆመው። ዱጋሳ ኮፍያቸውን ይዘው ተመልሰው ሲቀመጡ ሽክ አለላቸው፤ ምንም አልጎደለባቸውም።

*

አዴ ሜቲ ለሮማነወርቅ ራሳቸው ነገሯት፤ የእናቴ ዕቃ ክምሩ ውስጥ ገብቶብኝ ነው ወፍጮዋን ያስቆምኩት ብለው። ምን ዕቃ እንደሆነ አልተናገሩም። ሮማነወርቅ ደግሞ ተቆጥታ፣ አልቅሳ፣ እንደገና ተቆጥታ፣ ክሷን አነሣች። አዛዡም ቢላዎቹን አይተው «እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሙስዓብ በጣቢያው በር ሲወጣ ሜቲ ጉልበቱን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። ቀድሞ አነሣቸው።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ።»

ልጁ ክንዳቸውን አልለቀቀም። «ለዚህ ነው እንዴ ዓሣው ያላቋረጠው?» አለ። «ቀደም ብዬ ባውቅ አንድ ቀን እጨምር ነበር።» ከዚያ ማታውኑ ቢላዎቹን ሊያስር ወደ ግቢው ሮጠ። ሮማነወርቅም ሳምንቱን ሙሉ ዕረፍት ፈቀደችለት፤ አፏን ጨምድዳ፣ ግን ፈቀደች።

እሑድ ዳሊያ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ያንን የሰድር አበባ ረግጣ ገባች። ሲሚንቶው ደርቆ ነበር። የግቢው ሴቶች እልል አሉ፤ አበበች የሁሉንም ድምፅ ዋጠችው። መርጋና ኮከብ ዳር ይዘው ተቀመጡ። ኮከብ የቡልቡላውን ቲማቲም በሣጥኑ ይዛ መጥታለች፤ የጣቢያው ስጦታ ነው።

አዴ ሜቲ የእጅ ማስታጠቢያ ይዘው እንግዳ ያስታጥባሉ። ልጃቸው ወንጌላዊው አጠገባቸው ፎጣ ይዞ ይከተላል። ከመርጋ ፊት ሲደርሱ ውኃውን ሊያፈሱለት ጎንበስ አሉ። ከቀሚሳቸው ውስጥ፣ ከደረታቸው በኩል፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ነገር ሽክ አለ።

ኮከብ ጆሮዋን አቆመች። ወንጌላዊውም ቀና አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ኮከብ።

መርጋ እጁን በፎጣው አደራረቀ። ሳይቸኩል።

«ነፋስ ነው» አለ።

የዚያን ቀን ግን በአዳማ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።